«ጌት» ማለት «አገኘ» ብቻ ነውን?

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛን በግሌ እያጠናሁ ነው። «ጌት» ለሚለው ግስ ግን መያዣ መጨበጫ አጣሁለት። መዝገበ ቃላቱ በመጀመሪያ «አገኘ» ብሎ ይፈታውና ከዚያ በኋላ ከሃያ የማያንሱ ትርጉሞች ይደረድራል። ሰዎች ሲናገሩ ስሰማም አንዱ «ደከመኝ» ለማለት፣ ሌላው «ቤት ደረስኩ» ለማለት፣ ሦስተኛው «ገባኝ» ለማለት ይህንኑ ቃል ይጠቀማሉ። «አይ ሃቭ ጎት» ደግሞ ቅርጹ የኃላፊ ጊዜ ሆኖ ሳለ ትርጉሙ «አለኝ» ነው ይባላል። አስተማሪዬ «የመንገድ ቃል ስለሆነ ጨርሶ አትጠቀምበት» ብሎኛል። ትርጉሞቹን ሁሉ በቃሌ ልያዝ ወይስ ቃሉን ልተወው?

ምላሽ፦

ሁለቱንም አያድርጉ። ሃያውን ትርጉም በቃል መያዝ ጉልበት ይጨርሳል እንጂ ቃሉን በቦታው ለማዋል አይረዳም። ቃሉን መተውም አይቻልም፤ «ጌት» በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ እጅግ ከሚዘወተሩት ግሶች አንዱ ስለሆነ እርስዎ ባይናገሩት እንኳ መስማትዎ አይቀርም። ያስቸገርዎት ቃሉ ሳይሆን አጠናኑ ነው። መዝገበ ቃላት ትርጉሞችን በተራ ሲደረድር ሁሉም በቃሉ ሆድ ውስጥ የተቀመጡ ያስመስላል። «ጌት» ግን ብቻውን ሲቆም ትርጉሙ በጣም ስስ ነው፤ የሚሞላለት ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ነው። ስለዚህ ይህን ግስ ባገኙ ቁጥር አስቀድመው መጠየቅ ያለብዎት «ምን ማለት ነው?» ብለው ሳይሆን «ከኋላው ምን ተከተለው?» ብለው ነው።

ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። «ያዘ» የሚለውን የራሳችንን ግስ ይመልከቱ፤ መጽሐፍ ያዘ፣ ሌባ ያዘ፣ ሥራ ያዘ፣ ቀጠሮ ያዘ፣ ቂም ያዘ፣ ጉንፋን ያዘው እንላለን። አማርኛን ለሚማር የሌላ ቋንቋ ተናጋሪ እነዚህ ስድስት የተለያዩ ትርጉሞች ናቸው፤ እኛ ግን ማናችንም በዝርዝር አላጠናናቸውም፤ ከተሳቢዎቻቸው ጋር ተጣምረው ስንሰማቸው አደግን። «ጌት»ም የሚጠናው እንዲሁ ነው። በሁሉም አገባቦቹ ማለት ይቻላል የሚታየው አንድ የጋራ ነገር መሻገር ነው፤ እጅ ባዶ ከመሆን ወደ መያዝ፣ አካል ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ፣ ሰው ወይም ነገር ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ሁኔታ ይሻገራል። «አገኘ» የሚለው ፍቺ ከእነዚህ መሻገሮች አንዱን ብቻ ስለሚነካ ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው።

የቃሉ ታሪክም ይህን ያግዛል። «ጌት» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ከሰፈሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ ከጥንታዊ ኖርስ ነው፤ በዚያም ማግኘትና መውለድ የሚሉትን ሐሳቦች ይይዝ ነበር። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ውስጥ የነበረው ዘመዱ ደግሞ ከሌላ ቃል ጋር ተጣብቆ እስከ ዛሬ ይኖራል፤ «ፎርጌት» የሚለው «ረሳ» በመነሻው የያዙትን ነገር ከእጅ ማምለጥ ያህል ነው። እንግዲህ ከሥር ያለው ሐሳብ መጨበጥ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ የተዘረጋ ነው።

ከግሱ ቀጥሎ ስም ሲመጣ መዝገበ ቃላትዎ አላሳሳተዎትም። «ጎት» የ«ጌት» የኃላፊ ጊዜ ቅርጽ ነውና «አይ ጎት ኤ ሌተር» ደብዳቤ ደረሰኝ፣ «ሺ ጎት ኤ ጆብ» ሥራ አገኘች ማለት ነው፤ እንደ አገባቡም ገዛ፣ ተቀበለ ወይም ሄዶ አመጣ ሊሆን ይችላል። ሆኖም «አገኘ» የሚለው አማርኛ ከ«ጌት» በአንድ በኩል ሰፋ ስለሚል ወጥመድ አለው። እኛ ጠፍቶ የተገኘውንም፣ መንገድ ላይ ያጋጠመንንም ሰው በዚሁ ግስ «አገኘሁት» እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን የጠፋ ነገር ሲገኝ «ፋይንድ»፣ ከሰው ጋር መገናኘት ሲሆን «ሚት» ይባላል። ጓደኛዎን መንገድ ላይ አግኝተውት «አይ ጎት ማይ ፍሬንድ» ቢሉ ሰሚው የሚረዳው ያዝኩት ወይም ሄጄ አመጣሁት ብለው እንደሆነ ነው፤ ተገናኘን የሚለው አይደርሰውም።

በሽታም በዚሁ ክፍል ይወድቃል፤ እዚህ ላይ ግን የባለቤቱ ቦታ ይገለበጣል። በአማርኛ ጉንፋኑ ነው ባለቤቱ፤ እርሱ ይይዘናል። በእንግሊዝኛ ሰውየው ባለቤት ይሆንና «አይ ጎት ኤ ኮልድ» ይላል። አማርኛውን ቃል በቃል ተከትሎ ጉንፋንን ባለቤት ማድረግ ተማሪዎች ሲያደርጉት ደጋግሜ ያረምኩት ስሕተት ነው።

ሁለት ስሞች ሲከታተሉ ደግሞ ግሱ «አምጣልኝ» ወይም «አመጣለት» ይሆናል፤ «ጌት ሚ ሳም ዋተር» ውሃ አምጣልኝ ነው። በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አማርኛ አክብሮትን በግሱ ውስጥ ይሸከማል፤ «ያምጡልኝ» ስንል ትእዛዙ ራሱ ይለሰልሳል። የእንግሊዝኛ ትእዛዝ አንቀጽ ግን አንተንና እርስዎን አይለይም። ስለዚህ ለማያውቁት ሰው ወይም ለሚያከብሩት ሰው «ጌት ሚ» ብሎ መጀመር ጥርት ያለ ትእዛዝ ሆኖ ይሰማል። አክብሮቱን ከግሱ ውጭ ማምጣት አለብዎት፤ «ኩድ ዩ ጌት ሚ» ብለው በጥያቄ መልክ ቢጀምሩ የእኛን «ያምጡልኝ» ያህል ይለዝባል።

ቅጽል ሲከተለው ግን ነገሩ ይጠልቃል፤ አማርኛ ተናጋሪዎች በብዛት የሚሰናከሉትም እዚህ ነው። «ጌት» ከቅጽል ጋር «ሆነ» ወይም «እየሆነ ሄደ» ማለት ነው፤ «ጌት ኦልድ» አረጀ፣ «ጌት አንግሪ» ተቆጣ፣ «ጌት ዳርክ» ጨለመ። አማርኛውን ልብ ይበሉ፤ እኛ ለውጡን ለመናገር ረዳት ግስ አያስፈልገንም። አረጀ፣ ወፈረ፣ ቀላ፣ ደረቀ፣ መሸ፣ በረደ፣ እያንዳንዱ ግስ መለወጡን በራሱ ይዞታል። በዚህ ምክንያት ወደ እንግሊዝኛ ስንሄድ «ጌት» የሚጎድል አይመስለንም፤ ሁሉንም በ«ኢዝ» እና በ«ወዝ» እንጨርሰዋለን። «እየመሸ ነው» ለማለት «ኢት ኢዝ ዳርክ» ያለ ሰው የተናገረው «ጨልሟል» የሚለውን ነው፤ እየተለወጠ ያለውን ለመናገር «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ዳርክ» ማለት ነበረበት።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «በረደኝ» ስንል የግሱ ቅርጽ ኃላፊ ቢሆንም ስለ አሁን ነው የምንናገረው፤ ረሃቡ አሁን አለ። የግሱን ቅርጽ ብቻ ተከትሎ «አይ ጎት ሃንግሪ» ቢሉ ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪው አንድ ያለፈ ታሪክ ሊነግሩት የጀመሩ ይመስለዋል፤ «ከዚያስ?» ብሎ ይጠብቃል። አሁን ያለውን ሁኔታ ለመግለጽ «አይ አም ሃንግሪ» ይበሉ። «ትናንት መንገድ ላይ ራበኝና ተመለስኩ» ብለው ወደ ሁኔታው የገቡበትን ቅጽበት ሲተርኩ «ጎት ሃንግሪ» ትክክል ይሆናል። ልማድን ለመግለጽም እንዲሁ ነው፤ «ማታ ማታ ይደክመኛል» ለሚለው «አይ ጌት ታየርድ» ይስማማል። አጭሩ መለያ ይህ ነው፤ ሁኔታው ቆሞ ከታየ «ቢ» (ማለትም «አም»፣ «ኢዝ»፣ «ወዝ»)፣ ወደ ሁኔታው መግባቱ ከታየ «ጌት»።

«ለመደ» የሚለውም በዚሁ ይፈታል። «ጌት ዩዝድ ቱ» መልመድ ነው፤ «ቢ ዩዝድ ቱ» ለምዶ መገኘት ነው። ከሁለቱ በኋላ ግስ ሲመጣ በ«ኢንግ» ይጨርሳል። ያለ «ጌት» እና ያለ «ቢ» የሚመጣው «ዩዝድ ቱ» ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ «ድሮ እንዲህ አደርግ ነበር» ማለት ነውና አያቀላቅሏቸው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «ጌት» መሆንን የሚገልጸው ከቅጽል ጋር ብቻ ነው። «ሐኪም ሆነች» ለማለት «ሺ ጎት ኤ ዶክተር» ብለው ከጻፉ የጻፉት «ሐኪም አገኘች» ወይም «ሐኪም ጠርታ አመጣች» የሚል ነው፤ ምክንያቱም ስም ከተከተለው ግሱ ወዲያውኑ ወደ ማግኘት ይመለሳል። ሙያንና ማዕረግን ለመናገር «ቢከም» ይጠቀሙ። ከ«ጌት» ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ትርጉሙን ይወስናል ማለቴ ከዚህ በላይ በሚታይ ምሳሌ ሊገለጽ አይችልም፤ «ጎት ሲክ» ታመመ ነው፣ «ጎት ኤ ዶክተር» ሐኪም አመጣ ነው፤ ግሱ አንድ ነው።

ቦታ ሲከተለው «ደረሰ» ይሆናል። ጥንቃቄ የሚሻው መስተዋድዱ ብቻ ነው፤ «ጌት ቱ ስኩል» ሲባል «ቱ» ያስፈልጋል፤ ቤት፣ እዚህና እዚያ ለማለት በሚያገለግሉት «ሆም»፣ «ሂር» እና «ዜር» ፊት ግን «ቱ» አይገባም። «ጌት ቱ ሆም» የሚለው ከተማሪዎች ጽሑፍ የማይጠፋ ስሕተት ነው።

አሁን ደግሞ አማርኛ በቅድመ ቅጥያ የሚሠራውን እንግሊዝኛ በ«ጌት» የሚሠራበትን አገባብ እንመልከት። «ጠገነ» ሲል ሰውየው ራሱ ነው የጠገነው፤ «አስጠገነ» ሲል ሌላ ሰው ሠራለት። ይህችን «አስ» የምታህል ቅጥያ እንግሊዝኛ የለውም። ስለዚህ ግሱን፣ ተሳቢውንና የሌላውን ግስ ሦስተኛ ቅርጽ በዚህ ቅደም ተከተል ያሰልፋል፤ «አይ ጎት ዘ ካር ሪፔርድ» መኪናውን አስጠገንኩ። ቅደም ተከተሉ ትርጉም ነው፤ ቢዛባ ሐሳቡ ይጠፋል። «አይ ከት ማይ ሄር» ያለ ሰው መቀስ ይዞ የራሱን ጸጉር ቆርጧል፤ «አይ ጎት ማይ ሄር ከት» ያለው ግን ጸጉር ቆራጭ ዘንድ ሄዷል። በእኛ ዘንድ «ጸጉሬን ተቆረጥኩ» ወይም «አስቆረጥኩ» እንደሚባለው ማለት ነው። ይህን አገባብ የማያውቅ ተማሪ ሌላው የሠራለትን ሁሉ ራሱ እንደሠራው አድርጎ ይናገራል፤ ልብሱን ሰፋሁ፣ ጥርሴን ነቀልኩ፣ ቤቴን ቀባሁ ይላል፤ የሚሰማውም ሰው እውነት ይመስለዋል።

ይኸው አገባብ ሁለት ተጨማሪ አገልግሎቶች አሉት። አንደኛው ሥራን አጠናቆ መገላገል ነው፤ «ጌት ዘ ወርክ ደን» ሲባል ሥራውን ሌላ ሰው ይሥራው አይባልም፤ ከፍጻሜ አድርሰው ማለት ነው። ሌላው ሳይታሰብ በራስ ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው፤ «ሺ ጎት ኸር ፊንገርስ ኮት ኢን ዘ ዶር» ጣቶቿ በር ያዛቸው ማለት እንጂ ሆን ብላ አስያዘቻቸው ማለት አይደለም። ሦስቱን የሚለያቸው አገባቡ ሳይሆን የነገሩ ሁኔታ ነው፤ በዚህ ላይ ሰዋስው ብቻውን አይበቃም።

ተሳቢው ሰው ሆኖ «ቱ» እና ግስ ሲከተሉት «አይ ጎት ሂም ቱ ሳይን» ይሆናል፤ አስፈረምኩት። እዚህ ላይ እንግሊዝኛ ከአማርኛ ይበልጥ ይለያል። «አስፈረምኩት» ስንል አግባብተን ይሁን፣ አስገድደን ይሁን፣ ወይም እንዲፈርም ነግረን ብቻ ይሁን ግሱ አይነግረንም። እንግሊዝኛ ሦስት ግሶችን ያሰልፋል፤ «አይ ጎት ሂም ቱ ሳይን» ተናግሬ፣ ለምኜ ወይም ጥሬ አስፈረምኩት፤ «አይ ሜድ ሂም ሳይን» ሳይወድ አስፈረምኩት፤ «አይ ሃድ ሂም ሳይን» እንዲፈርም አደረግሁ፣ የተለመደ አሠራር ነው። ከ«ጌት» በኋላ ብቻ «ቱ» እንደሚመጣ፣ ከሌሎቹ ሁለት በኋላ እንደማይመጣ ልብ ይበሉ። ስለ ውል፣ ስለ ስምምነት ወይም ስለ ምስክርነት ሲተረጉሙ ከእነዚህ አንዱን በሌላው መተካት የአንድን ሰው ፈቃደኝነት እስከ መለወጥ ስለሚደርስ ይህን ልዩነት እንደ ጥቃቅን ነገር እንዳያዩት አጥብቄ እለምናለሁ።

ያለ ተሳቢ፣ የሌላው ግስ ሦስተኛ ቅርጽ በቀጥታ ሲከተለው ደግሞ የእኛን «ተ» የሚተካበት ጊዜ አለ፤ «ጎት ኸርት» ተጎዳ፣ «ጎት ኮት» ተያዘ፣ «ጎት ፋየርድ» ከሥራ ተባረረ። ለዚህ «ወዝ» የሚለውም ያገለግላል፤ ሆኖም «ዘ ዊንዶው ወዝ ብሮክን» ሁለት መልክ አለው፤ መስኮቱ ተሰበረም፣ መስኮቱ የተሰበረ ነበርም ይሆናል። «ጎት ብሮክን» ግን ድርጊቱን ብቻ ይናገራል። ገደቦች አሉት። የማወቅና የማመን ዓይነት ግሶችን በዚህ መልክ መገልበጥ አይቻልም፤ መልሱ ታወቀ ለማለት «ጎት ኖን» አይባልም። በመደበኛ ጽሑፍም ድልድዩ በዚህ ዓመት ተሠራ ሲባል «ወዝ ቢልት» ነው የሚጻፈው። በተጨማሪ «ጎት ድሬስድ» ለበሰ፣ «ጎት ሎስት» መንገድ ጠፋው፣ «ጎት ሜሪድ» አገባ ሲባል ድርጊቱን የፈጸመበት ሌላ ሰው የለም፤ እንደ ቅጽል ይቁጠሯቸው። ጋብቻን በተመለከተ አማርኛችን «ከእርሷ ጋር ተጋባ» ስለሚል ብዙዎች «ዊዝ» ያስገባሉ፤ ትክክለኛው «ጎት ሜሪድ ቱ» ነው።

ወደ «አይ ሃቭ ጎት» ልመለስ። ግራ ያጋባዎት ቅርጹ መሆኑ አግባብ ነው፤ ግን አማርኛም በትክክል እንዲህ ያደርጋል። «መጽሐፉን ይዣለሁ» ሲሉ ቅርጹ የተፈጸመ ድርጊትን ይናገራል፤ ትርጉሙ ግን መጽሐፉ አሁን እጄ ላይ አለ ነው። «ተቀምጧል» የሚለውም ሰውየው አሁን በመቀመጫው ላይ እንዳለ ይነግረናል። ያገኘሁ ስለሆንኩ አሁን አለኝ፤ «አይ ሃቭ ጎት» የመጣበት መንገድ ይህ ነው፤ በጊዜ ብዛትም የማግኘቱ ሐሳብ ደብዝዞ የመኖሩ ብቻ ቀረ። ስለዚህ ይህ አነጋገር የሚያገለግለው ለአሁን ብቻ ነው። ለትናንት «አይ ሃድ»፣ ለነገ «አይ ዊል ሃቭ» ይባላል። በጥያቄም ሁለቱን ሥርዓት አያደባልቁ፤ ወይ «ሃቭ ዩ ጎት» ነው ወይ «ዱ ዩ ሃቭ» ነው፤ «ዱ ዩ ሃቭ ጎት» የሚባል የለም።

«ቱ» እና ግስ ሲጨመርበት «አይ ሃቭ ጎት ቱ ጎ» መሄድ አለብኝ ይሆናል። አማርኛ «አለኝ» ከሚለው «አለብኝ» የሚለውን እንዳወጣ እንግሊዝኛም ከመኖር ወደ ግዴታ ተሻግሯል፤ ይህን ዝምድና ካስተዋሉ አገባቡ አይረሳዎትም። በፈጣን ንግግር «ሃቭ» ይዋጥና «ጎታ» የሚል ብቻ ይሰማል። ይስሙት፣ ግን አይጻፉት። ያለ «ሃቭ» የሚመጣው «አይ ጎት ቱ ሲ ሂም» ደግሞ በጥንቁቅ አነጋገር ላየው ዕድል አገኘሁ ማለት ነው፤ ግዴታ የለበትም። አንዲት «ሃቭ» ዕድልን ከግዴታ ትለያለች ማለት ነው።

«ጎተን» የሚለውን ሌላውን የ«ጌት» ሦስተኛ ቅርጽ አልጠየቁም፤ ሆኖም መስማትዎ ስለማይቀር አንድ ነገር ልበል። ስሕተት ነው የሚሉ መምህራን አሉ፤ አይደለም። በእንግሊዝም የቆየ ቅርጽ ነው፤ በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ቁጥር 1 ላይ ሔዋን ቃየንን በወለደች ጊዜ የተናገረችው በዚሁ ቃል ነው፤ የአማርኛው ትርጉም «አገኘሁ» ያለው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በብሪታንያ እየቀረ ሲሄድ በአሜሪካ ዘለቀ። አሜሪካውያንም በሁለቱ መካከል ጠቃሚ ልዩነት ያደርጋሉ፤ «አይ ሃቭ ጎት» አለኝ ነው፣ «አይ ሃቭ ጎተን» አግኝቻለሁ ወይም ሆኛለሁ ነው። የብሪታንያው አነጋገር ለሁለቱም «ጎት» ይላል። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡና በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አይቀያይሩ።

«ገባኝ» የሚለውም ሩቅ አይደለም። በአማርኛ ነገሩ ወደ እኛ ይገባል፤ በእንግሊዝኛ እኛ ነገሩን እንጨብጠዋለን፤ «አይ ጌት ኢት»። በአሜሪካውያን አፍ በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለው «ት» ወደ «ድ» ስለሚቀርብ «ጌዲት» ሆኖ ይሰማል፤ አዲስ ቃል እንዳይመስልዎ።

እስካሁን የተናገርኩት በሥርዓት የሚያዘውን ነው። ሥርዓት የማይገዛው ክፍልም አለ፤ ይኸውም «አፕ»፣ «ኦፍ»፣ «ኦቨር» እና የመሳሰሉት ትንንሽ ቃላት ሲጣበቁበት ነው። «ጌት አፕ» ከመኝታ ተነሣ ነው፤ ነቃ ግን «ዌክ አፕ» ነው፤ ነቅቶ የሚተኛ ሰው ስላለ ልዩነቱ እውነተኛ ነው። ቆመው ሊራመዱበት በሚችሉት ማጓጓዣ፣ እንደ አውቶቡስ፣ ባቡርና አውሮፕላን ላይ ሲሳፈሩ «ጌት ኦን»፣ ሲወርዱ «ጌት ኦፍ» ይባላል፤ ፈረስና ብስክሌትም በዚሁ ይሄዳሉ። ጎንበስ ብለው በሚገቡበት መኪና ግን «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት ኦፍ» ነው። «ጌት ኦቨር» ከሕመም ወይም ከሐዘን ማገገም፣ «ጌት አሎንግ» መስማማት፣ «ጌት ሪድ ኦፍ» ማስወገድ፣ «ጌት አዌይ ዊዝ» ጥፋት ሠርቶ ሳይቀጡ ማለፍ ነው። እነዚህን ከክፍሎቻቸው ለመገመት አይድከሙ፤ እያንዳንዱን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ግስ በምሳሌው ይያዙት። «ጌት ኦን» ደግሞ በብሪታንያ መስማማትንም ስለሚገልጽ የሚሰማበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል።

አስተማሪዎ ያለው ግማሽ እውነት አለው። «ጌት» የመንገድ ቃል አይደለም፤ የተማረውም ያልተማረውም፣ ሽማግሌውም ልጁም የሚናገረው መደበኛ እንግሊዝኛ ነው። ይሁን እንጂ ትርጉሙ ስስ ስለሆነ ለማመልከቻ፣ ለዘገባና ለጥናታዊ ጽሑፍ ሲቀርብ ልል ሆኖ ይታያል፤ እዚያ «ሪሲቭ»፣ «ኦብቴን»፣ «ቢከም»፣ «አራይቭ» እና «ኢምፕሩቭ» እንደየቦታቸው ይተኩታል። ደብዳቤው ደረሰ ሲባል በተደራጊ ከሆነ በንግግርም ቢሆን «ወዝ ሪሲቭድ» እንጂ «ወዝ ጎት» አይባልም። ተቃራኒውን ስሕተት ግን አብልጬ እፈራለሁ፤ «ጌት»ን ፈርቶ የሸሸ ተማሪ በተራ ጭውውት ውስጥ ደብዳቤዎን ተቀብያለሁ፣ ከቤቴ ደርሻለሁ እያለ እንደ ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ይናገራል፤ ሰዎችም ያከብሩታል እንጂ አይቀርቡትም። «ጌት ሜሪድ» የሚለውን ደግሞ «ቢከም ሜሪድ» ብሎ ማክበር ቋንቋውን ማበላሸት ነው።

ስለዚህ የምመክርዎ ይህ ነው። የትርጉም ዝርዝሩን ይዝጉትና አንድ ደብተር ይክፈቱ። ስም፣ ቅጽል፣ ቦታ፣ ሦስተኛ የግስ ቅርጽ፣ ተሳቢ ከሌላ ግስ ጋር እያሉ ገጾቹን ከ«ጌት» በኋላ በሚመጣው ይከፋፍሏቸው፤ ለትንንሾቹ ቃላት ጥምረቶች ደግሞ የተለየ ገጽ ይተዉ። የሰሙትን ወይም ያነበቡትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር በቦታው ይጻፉ፤ በአጠገቡም የአማርኛውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንጂ የግሱን ፍቺ ብቻ አያስቀምጡ። አማርኛው «አስ» ያለበት፣ «ተ» ያለበት ወይም እንደ «መሸ» በራሱ የሚለወጥ ግስ ከሆነ አስምሩበት፤ «ጌት» መምጣት ያለበትን ቦታ የሚያስታውስዎ ያ ምልክት ነው። መዝገበ ቃላት ሲመርጡም ለተማሪዎች ተብሎ በእንግሊዝኛ ብቻ የተዘጋጀውን፣ ትርጉሞችን ከነአገባባቸው የሚያሳየውን ይውሰዱ። መኖርን ለመግለጽ በራስዎ አንደበት «አይ ሃቭ» ብቻ ይበቃዎታል፤ ለሁሉም ጊዜ፣ ለንግግርም ለጽሑፍም፣ በሁለቱም አገሮች ያገለግላልና፤ «ሃቭ ጎት» ሰምተው የሚረዱት ይሁን። በቅጽሉ ገጽ ይጀምሩ፤ እርሱ በአፍዎ ሳይላላ ወደ አስደራጊው፣ ማለትም «አስ» ወዳለበት አገባብ፣ አይለፉ፤ የትንንሾቹን ቃላት ገጽ ግን የመጀመሪያ ቀን ከፍተው እስከ መጨረሻው አይዝጉት።